ቺርፕ ወይስ የብሉቱዝ ቢከን? መጀመሪያ በእጃችሁ ያለውን እዩ

ደብረ ብርሃን ላይ ጂኦካሺንግ የምንጫወት አምስት ጓደኛሞች ነን። ድብብቆሽ በሉት፤ የሚደበቀው ዕቃ ነው፣ የሚፈለገው በጂፒኤስ። ሰሞኑን "ቢከን እንግዛ" ተባለ። ዕቃው የተደበቀበት ሳጥን አጠገብ ተቀምጣ ፍንጭ በሬዲዮ የምትለቅ ትንሽ መሣሪያ ናት።

አንዱ ምርጫ ጋርሚን እ.ኤ.አ. በ2010 ያወጣው ቺርፕ ነው። ፍንጩንና የቀጣዩን ነጥብ ኮኦርዲኔት (ቦታውን የሚያመለክቱ ቁጥሮች) ራሱ ይይዛል፤ ስንት ሰው እንደመጣም ይቆጥራል። ኢንተርኔት አይፈልግም። መንዝ ጓሳ ላይ ኔትወርክ ፍለጋ ስልኩን ሽቅብ ዘርግቶ የሚያውቅ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። የሚሰማው ግን እስከ 10 ሜትር ነው፤ ያውም አንት ፕላስ የሚባለውን ሞገድ የሚያነብ መሣሪያ ለያዘ ብቻ።

ጣጣው እዚህ ጋ ነው። አንዱ ጓደኛችን ኢትሬክስ 20 የሚባለውን የጋርሚን የእጅ ጂፒኤስ ያገለገለ ገዛ። ከኢትሬክስ 30 ጋር መልካቸው አንድ ነው፤ ሁለቱም በሁለት ባትሪ ድንጋይ ይሠራሉ። ወፍ ዋሻ ጫካ ውስጥ ቺርፑ ላይ ሊቀመጥበት ምንም አልቀረው፤ ዝም! 30ው አንት ፕላስ አለው፣ 20ው የለውም። በቃ። 30 ይዛችሁም ዝም ካለ፣ ሴቲንግ ውስጥ የቺርፕ ፍለጋው መከፈቱን እዩ። አይፎንም ቺርፕን አይሰማም፤ አንዳንድ የሳምሰንግና የሶኒ ስልኮች ግን አንት ፕላስ አላቸው።

የብሉቱዝ ቢከንን ብዙ ስልክ ያየዋል፤ ብሉቱዝ 4.0 እና አንድ የመቃኛ አፕ ይበቃል። ርቀቱም ይሻላል። ችግሩ የሚይዘው ነገር ትንሽነት ነው። አንዳንዱ የድረ ገጽ አድራሻ ብቻ ይልካል፤ ኔትወርክ ከሌለ ዋጋ የለውም። እኛ ፍንጩን የቢከኑ ስም አድርገን እንጽፈዋለን። አንድ መልእክት 31 ባይት ብቻ ነው፤ ከዚያም ላይ ጥቂቱ ለመልእክቱ መለያ ይሄዳል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ደግሞ 3 ባይት ይበላል። ከ10 ፊደል በታች ማለት ነው! በቁጥር ኮኦርዲኔት ለመጻፍ ግን ይበቃል።

ባትሪው ላይ ብዙም ልዩነት የለም። ቺርፕም ብዙዎቹ የብሉቱዝ ቢከኖችም ያችኑ ጠፍጣፋ ክብ ባትሪ ነው የሚጠቀሙት፤ የታኅሣሥ ውርጭ ሁለቱንም ያዳክማል። ሁለቱንም ቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አትክተቱ፤ ሞገዱ ይታፈናል። ፕላስቲክ ይሁን።

ሁላችሁም 30 ካላችሁ ቺርፕ ግዙ፤ ለጫካ እሱን የሚያህል የለም። ከእኛ ግን 30 ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ብሉቱዙን ገዛን። የመጀመሪያው ቢከናችን ስሙ "ጥዱ ሥር" ነው።