በባክቴሪያ የተመረተ ስትሮ፦ ዕቃው መልካም ነው፣ ዋጋው ግን ገና አልረከሰም

የምገመግመው ዕቃ ፒኤችኤ ከተባለው፣ ባክቴሪያዎች እንደ ስብ በሰውነታቸው ከሚያከማቹት ፕላስቲክ የተሠራ የመጠጥ ስትሮ ነው። ቀዝቃዛ መጠጥ ውስጥ ረጅም ጊዜ ቢቆይም እንደ ወረቀት ስትሮ አይልፈሰፈስም፤ የመጠጡንም ጣዕም አይለውጥም። ከሁሉ በላይ ያስደሰተኝ በጣት ሲጫኑት ሳይሰነጠቅ ወደ ቅርጹ መመለሱ ነው፤ የዚህ ፕላስቲክ የቆየ ነቀፌታ ተሰባሪነቱ ነበርና።

ፈረንሳዊው ሞሪስ ለሟኝ እ.ኤ.አ. በ1926 ባሲለስ ሜጋቴሪየም ከተባለው ባክቴሪያ ለይቶ ያስታወቀው፣ ፒኤችቢ የተባለው የፒኤችኤ ዓይነት ሲቆይ እየደረቀ በቀላሉ ይሰበራል፤ የሚቀልጥበት ሙቀትም፣ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ፣ መፈራረስ ከሚጀምርበት ጋር ስለሚቀራረብ በፋብሪካ ቅርጽ ማስያዙ አስቸጋሪ ነው። መፍትሔው የተገኘው ከባክቴሪያው ዘንድ ነው። ምግቡ ወይም ጂኑ ተለውጦ በሞለኪዩሉ ሰንሰለት መካከል ረዘም ያሉ አሃዶችን እንዲያስገባ ሲደረግ፣ ፕላስቲኩ ይለዝባል፤ በዝቅተኛ ሙቀትም ይቀልጣል።

ስትሮው ከተለመደው የፕላስቲክ ስትሮ በግልጽ ይወደዳል። ከፍተኛውን ወጪ ከሚያስከትሉት አንዱ የባክቴሪያው ምግብ ነው፦ ኩፕሪያቪደስ ኔካተር የተባለው ዝርያ ናይትሮጅን አንሶት ካርቦን ሲተርፈው ከደረቅ ክብደቱ 80 በመቶ የሚደርስ ፕላስቲክ ቢያከማችም፣ ከሦስት ግራም ስኳር የሚገኘው አንድ ግራም ያህል ብቻ ነው። የአትክልት ዘይት ሲመገብ ግን ምርቱ ከፍ ይላል፤ በመሆኑም ያገለገለ የምግብ ዘይትን መጠቀም እጅግ ተስፋ የምጥልበት መንገድ ነው። ሃሎሞናስ የተባሉት ጨው ወዳድ ባክቴሪያዎችም ሌሎች ተሕዋስያን በማይመቻቸው ጨዋማ ውኃ ስለሚራቡ፣ የሚራቡበትን ጋን በእንፋሎት ለማምከን የሚወጣውን ጉልበት ይቆጥባሉ።

ስትሮው በአፈርም ሆነ በባሕር ውኃ በተሕዋስያን ኢንዛይም ይፈርሳል፤ ፍጥነቱ በሙቀቱና በውፍረቱ ይወሰናል። ብዙ ጊዜ አብሮት የሚሸጠው፣ ከዕፅዋት ስኳር የሚሠራው ፒኤልኤ የተባለ ሌላ ፕላስቲክ ግን 60 ዲግሪ ገደማ የሚሞቅ የኢንዱስትሪ ኮምፖስት ይፈልጋል፤ ስለዚህ «ባዮ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አይቶ መግዛት አይበቃም።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቼዋለሁ። አንዱን የቀነስኩት ማሸጊያው ባክቴሪያው ምን እንደተመገበና ፕላስቲኩ ከሕዋሱ በምን እንደወጣ ስለማይገልጽ ነው፤ እንደ ክሎሮፎርም ባለ መርዛማ ፈሳሽ የወጣን ፕላስቲክ ያለ እነዚህ ኬሚካሎች ከወጣው ለይቶ መምረጥ የገዢው መብት ነውና።