የላስቲክ ትል ለባስ፦ ጨዋማው ይሻላል ወይስ ተለጣጩ?

ባስ የሚባለውን ዓሣ በላስቲክ ትል ማጥመድ የጀመረ ጓደኛ ሁሉ ይህችን ጥያቄ ይዞ ይመጣል። «ጨዋማው ትል ሁለት ዓሣ ሳይዝልኝ ተቀደደ፤ ተለጣጩ ግን አይበጠስም ይሉኛል፤ የቱን ልግዛ?» ለአንዱ በስልክ፣ ለአንዱ በመልእክት፣ ለአንዱ ውሃ ዳር ቆሜ ስመልስ ከረምኩ። አሁን አንዴ ልጻፈውና የሚጠይቀኝን ሁሉ ወደዚህ ልላክ።

መልሴን ከወዲሁ ልናገር። ጨዋማውን ግዙ። ተለጣጩንም ግዙ፣ ግን አንድ ፓኬት ብቻ፣ ለአንድ ሥራ ብቻ። የዋጋው ነገር ላይ ላዩን ሲታይ ተቃራኒውን ይላል፤ እኔንም ብዙ ጊዜ ያሳሳተኝ እሱ ነው።

ጨዋማው የምለው ጣት የሚያህል፣ ቀጥ ያለ፣ ፒቪሲ ከሚባለው ፕላስቲክ በለስላሳው የተሠራውን ትል ነው። ኒክ ክሬም እ.ኤ.አ. በ1949 አክሮን፣ ኦሃዮ ውስጥ የፕላስቲክ ትል ከቪኒል ሠራ፤ የዛሬው ትልም የዚያው ዘር ነው። ጋሪ ያማሞቶ ደግሞ በ1990ዎቹ ሴንኮ የሚባለውን ጨው የጠጣ ቀጥ ያለ ትል አወጣ። አሁን የምታዩት ቀጥ ያለ ትል አብዛኛው ወይ የእሱ ዘመድ ነው ወይ የእሱ ቅጂ። ተለጣጩ ሌላ ዕቃ ነው። ቲፒኢ ከሚባል እንደ ጎማ የሚለጠጥ ፕላስቲክ ይሠራል፣ ዚ-ማን የሚባለው ድርጅት ኢላዝቴክ እያለ የሚሸጠው ማለት ነው። ስትስቡት እንደ ላስቲክ ማሰሪያ ይረዝማል፣ ስትለቁት ይመለሳል።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ፓኬቱ ላይ የተጻፈውን ዋጋ ለጊዜው እርሱት። መቁጠር ያለባችሁ አንድ ትል ስንት ዓሣ ይዞ እንደሚያልቅ ነው። ጨዋማውን ወገቡ ላይ ወግታችሁ ስትጥሉት፣ ዋኪ ሪግ የሚባለውን አሰካክ ማለቴ ነው፣ ዓሣው ዘሎ ራሱን ሲያራግፍ ትሉ ተቀዶ ይበራል። አንድ ዓሣ፣ ቢበዛ ሁለት። ዓሣው በሚነክስበት ቀን አሥር ፍሬ ያለው ፓኬት ግማሽ ቀን አይቆይም። ተለጣጩስ? አንድ ፍሬ ብቻ ከሠላሳ በላይ ዓሣ ይዞልኛል፤ ያጣሁትም ተቀዶ ሳይሆን ከነመንጠቆው ጉቶ ውስጥ ቀርቶ ነው። በዚህ ሒሳብ ተለጣጩ በሰፊው ያሸንፋል። ጓደኞቼም እዚህ ላይ ሲደርሱ ያቆማሉ፣ ሄደው አምስት ፓኬት ተለጣጭ ይገዛሉ።

ግን ባስ የሚጎርሰው ትሉ ሲወርድ ነው። ጨዋማውን ያለ ምንም እርሳስ፣ ያለ ማስመጫ ክብደት ማለቴ ነው፣ ወርውሩትና ዝም በሉት። ጨው ስላለበት ራሱ ይሰምጣል፣ ጠፍጣፋ እንደተኛ ቀስ እያለ ይወርዳል፣ ሁለቱ ጫፎቹ እየተንቀጠቀጡ። እናንተ ምንም አትሠሩም። ይህን ተለጣጩ አያደርገውም፤ ቀላል ስለሆነ ይንሳፈፋል፣ እንዲወርድ እርሳስ ይፈልጋል፣ እርሳስ ሲታሰርበት ደግሞ አወራረዱ ሌላ ነው። ጨዋማው በራሱ ክብደት ሩቅ ይወረወራል፤ ተለጣጩን ያለ እርሳስ ብትወረውሩት ነፋስ ይመልስባችኋል። ባስ አፉን ከፍቶ ውሃውን ከነምግቡ ስቦ ነው የሚውጠው፣ ያልወደደውን ደግሞ በዚያው ፍጥነት ይተፋል። ብዙ አጥማጅ ጨዉ ዓሣው እንዳይተፋው ያደርጋል ይላል። ለእኔ ክብደቱ ብቻ በቂ ምክንያት ነው።

ሁለተኛው ምክንያቴ ይበልጣል። ጨዋማው ሲቀደድ አያልቅም። እኔ አንዱን ትል መጀመሪያ በቴክሳስ ሪግ፣ የመንጠቆው ጫፍ ትሉ ውስጥ በሚደበቅበት አሰካክ፣ እጠቀምበታለሁ። አፍንጫው ሲላላ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህል ቆርጬ እንደገና እሰካዋለሁ፤ ይህን ሁለት ጊዜ ይችላል። ሲያጥር ወገቡ ላይ ቀለበት አግብቼ ወደ ዋኪ ይዛወራል። ወገቡ ሲበጣ ከመሐል ለሁለት እቆርጠዋለሁና ሁለቱም ቁራጭ ኔድ ሪግ በሚባለው ራስ ያለው ትንሽ መንጠቆ ላይ ይሰካል። እንዲህ ስታደርጉ አንድ ትል ሦስት ሥራ ይሠራል። ያ «ቶሎ ይቀደዳል» የተባለው ፓኬት ወቅቱን ሙሉ ሊያቆያችሁ ይችላል።

ቀለበቱን በተመለከተ ቆም ብዬ ልናገር፤ ከገዛኋቸው ሁሉ በትንሽ ገንዘብ ብዙ የመለሰልኝ እሱ ነው። ትንሽ ክብ የጎማ ቀለበት ናት። ለቧንቧ ማጥበቂያ የሚሸጠው ጎማ ልኩ ከገጠመ ያው ሥራ ይሠራል፣ ስሙ «ለዓሣ» ስላልተባለ ብቻ ዋጋው ይወርዳል። ከትሉ ውፍረት ትንሽ ጠበብ ያለውን ምረጡ፤ ሰፊ ከሆነ ይንሸራተታል፣ በጣም ከጠበበ ራሱ ትሉን ይቆርጠዋል። መንጠቆውን ከቀለበቱ ሥር አሳልፉት እንጂ ሥጋውን አትውጉት። እኔ ቀለበት ከማወቄ በፊት የጣልኳቸው ትሎች ብዛት እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የተቀደደውን መጠገንም ይቻላል። የቢላ ጫፍ ወይም ወፍራም መርፌ በላይተር አግሉና በተቀደደው ከንፈር መሐል አሳልፉት፣ ሁለቱ ወገን ቀለጥ ሲል ገጥማችሁ እስከ አሥር ቁጠሩ፣ ከዚያ ውሃ ውስጥ ንከሩት። ይያያዛል። ይህን ደጅ ላይ ሥሩ፤ ፒቪሲ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ ለሳንባ ክፉ ነው። ጅራቱ ፓኬት ውስጥ የተጣመመ ትል ደግሞ የፈላ ውሃ ውስጥ ለጥቂት ሰከንድ ብትነክሩት ይቃናል።

አሁን የተቃጠልኩበትን ግዢ ልንገራችሁ። ገና ስጀምር መቶ ምናምን ፍሬ ያለው፣ ትል፣ እንቁራሪት፣ መንጠቆ፣ ሳጥኑ ሳይቀር አብሮ የሚመጣ ዕቃ ገዛሁ። በፍሬ ሲካፈል ከደህናው ትል ዋጋ ሩቡን እንኳ አይሞላም ነበር። መንጠቆዎቹ ጥፍር ላይ ሲፈተኑ ይንሸራተታሉ፤ ስለት ያለው መንጠቆ ጥፍር ላይ ይነክሳል እንጂ አይንሸራተትም። ትሎቹ ደረቅ ነበሩ፣ ሳይንቀጠቀጡ እንደ እንጨት ይወርዳሉ። ከመቶው ውስጥ የጠቀሙኝ አሥር አይሆኑም። ሙሉ ዋጋውን ለእነዚያ ለአሥሩ ብታካፍሉት ደህናውን ትል ከመግዛት በለጠብኝ።

ስለዚህ፣ የሴንኮ ቅጂ ስትገዙ መጀመሪያ አንድ ፓኬት ብቻ ወስዳችሁ ፈትኑ። ቅጂ ሁሉ መጥፎ ነው አልልም፣ በግማሽ ዋጋ ከዋናው እኩል የሚሠራ አግኝቻለሁ። ባልዲ ውሃ ሙሉና ዋናውንና ቅጂውን ጎን ለጎን ልቀቁ። ቅጂው ወደ ኋላ ከቀረ ወይም በአንድ ጫፉ ቁልቁል ከሄደ ጨዉ ትንሽ ነው፣ ወይም በደንብ አልተቀላቀለም። ብርሃን ላይ ይዛችሁ እዩት፤ ውስጡ የአየር አረፋ ካለ እዚያ ላይ ይበጠሳል። ጫፉን ይዛችሁ አወዛውዙት። ካልተርገበገበ መልሱት። ሌላም አለ፤ የቅጂ ቀለም ብዙ ጊዜ ይለቃል፣ ጥቁሩ ከነጩ ጋር አንድ ሳምንት ካደረ ሁለቱም ግራጫ ይሆናሉ።

ከዚህ ሁሉ የባሰው ግን ሳጥን ውስጥ ያገኘሁት ነው። ተለጣጩንና ጨዋማውን አንድ ላይ አስቀመጥኳቸው። ከጥቂት ቀን በኋላ ስከፍተው እንደ ቀለጠ ማስቲካ ሆነው ተጣብቀዋል፣ የሳጥኑ መለያያ ሳይቀር ረጥቧል። ሁለቱ ዕቃዎች ሲነካኩ ይበላላሉ። ፓኬቱ ላይ በትንሽ ፊደል ተጽፎ ነበር፣ አላነበብኩትም። ተለጣጩን ሁልጊዜ በመጣበት ከረጢት ብቻውን አኑሩት። ጨዋማውም ቢሆን አንዳንድ ጠንካራ ፕላስቲክ ሳጥን ያቀልጣል፣ ስለዚህ እሱም ከረጢቱ ውስጥ ይቆይ።

አሰካኩ ላይ ልምጣ፤ ጥሩ ትል በመጥፎ አሰካክ ዋጋ የለውም። ቴክሳስ ሪግ ማለት የመንጠቆው ጫፍ ትሉ ውስጥ ተደብቆ በሣርና በጉቶ መሐል ሳይያዝ የሚያልፍበት ነው። ለአምስት ኢንች ትል መጠኑ 3/0 ወይም 4/0 የሆነ ኦፍሴት መንጠቆ፣ አንገቱ ላይ የታጠፈውን፣ ያዙ። በአፍንጫው መሐል አስገብታችሁ ግማሽ ሴንቲ ሜትር እንደሄደ በሥሩ አውጡት፣ እስከ መንጠቆው ዓይን ሳቡት፣ አዙሩት። አሁን መንጠቆውን ከትሉ ጎን አስተኙትና ክርኑ፣ ማለት ትልቁ መታጠፊያው፣ የሚያርፍበትን ቦታ በጥፍር ምልክት አድርጉ። እዚያው ላይ ውጉና በሌላው ወገን አውጡ፣ ከዚያ ጫፉን ከቆዳው ሥር ብቻ ሸሽጉት። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ምልክቱ ላይ ነው። ሁለት ሚሊ ሜትር ብትስቱ ትሉ ይጎብጣል፣ የጎበጠ ትል ውሃ ውስጥ ይሽከረከራል፣ ክራችሁንም እንደ ገመድ ይፈትለዋል። ሰው «ክሬ ተወሳሰበ፣ ማጠንጠኛዬ ተበላሸ» ሲለኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ትሉን እንዲያሳየኝ ነው።

ተለጣጩን እንዲህ ስትሰኩት ሌላ ጣጣ አለ። አይቀደድምና መንጠቆው በቀላሉ ሰንጥቆት አይወጣም። ዓሣው ነክሶ ዘንጉን ስትስቡ ትሉ መንጠቆው ክርን ውስጥ ይጠቀለላል፣ ጫፉም የዓሣው አፍ ላይ አይደርስም። ሁለት ጥሩ ዓሣ በዚህ አምልጠውኛል። የዋጋው ሒሳብ ውስጥ ያመለጠ ዓሣም ይቆጠር።

እርሳሱ የጥይት ቅርጽ ያለው ይሁን። ጥልቀት በሌለው ውሃ ከ3.5 እስከ 7 ግራም ይበቃል፣ ሣሩ ከጠነከረ 14 እና ከዚያ በላይ። ሣር ውስጥ ስትገቡ ከእርሳሱ በላይ ክሩ ላይ ማቆሚያ ጎማ አድርጉ፣ አለዚያ እርሳሱ ሣሩን በስቶ ወርዶ ትሉ ከላይ ተንጠልጥሎ ይቀራል። በእርሳስ ፈንታ ተንግስተን የሚባለውን ከባድ ብረት ግዙ የሚሏችሁ አሉ። እውነት ነው፣ በአንድ ሴንቲ ሜትር ኩብ 19.3 ግራም ይመዝናል፣ እርሳስ 11.3፤ ስለዚህ ያው ክብደት በትንሽ መጠን ይገኛል፣ ድንጋይ ሲነካም ወደ እጃችሁ ይሰማል። ዋጋው ግን ብዙ እጥፍ ነው፤ ጀማሪ ደግሞ በቀን ስንቱን ጉቶ ላይ እንደሚያስቀር አውቃለሁ። በምታጠምዱበት ቦታ የእርሳስ ማስመጫ ካልተከለከለ በእርሳስ ጀምሩ።

ካሮላይና ሪግ እርሳሱ ከትሉ ግማሽ ሜትር ያህል ቀድሞ የሚጎተትበት ነው። ጥልቅና ሜዳ የሆነ ውሃ ላይ ይጠቅማል፣ መጀመሪያ የምትማሩት ግን እሱ አይሁን። ቀለምም ሰው የሚጨነቀውን ያህል አያስጨንቅም፤ ለጠራ ውሃ አረንጓዴ ወደ ቡናማ የሚያደላ፣ ለደፈረሰ ጥቁር ከሰማያዊ ጋር። ሁለት ፓኬት። ሌላው ቀለም ገንዘብ ማባከን ነው።

ተለጣጩ የሚያሸንፍበት አንዱ ሥራ ኔድ ሪግ ነው፤ ስሙን ያገኘው ኔድ ኬዲ ከሚባለው የካንሳስ ጸሐፊና አጥማጅ ነው። እንጉዳይ የመሰለ ራስ ያለው ትንሽ መንጠቆ፣ ከ2 እስከ 5 ግራም፣ ላዩ ላይ ሰባት ሴንቲ ሜትር የምታህል ትል። እዚህ ላይ መንሳፈፉ በረከት ይሆናል፦ የመንጠቆው ራስ ከውሃው ሥር መሬት ላይ አርፎ የትሉ ጅራት ወደ ላይ ይቆማል፣ ውሃው ብቻ ያወዛውዘዋል። ውሃው ቀዝቅዞ ዓሣው ሲለግም ይህን የሚያክል የለም። መንጠቆው ላይ ሲገባ ይይዛልና አስቀድማችሁ በውሃ አርጥቡት። አንዴ ከገባ በኋላ አታውጡት፣ እስኪጠፋ ድረስ እዚያው ይኑር። አንድ ፓኬት ስምንት ፍሬ አለው፣ እኔ አንዱን ፓኬት ከጀመርኩ ሁለተኛ ዓመቴን ይዣለሁ።

የተጣለ ትል ውሃ ውስጥ ያብጣል፣ ዓሣ ሲውጠው ሆዱ ውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ ቁራጩን ሁሉ በኪሴ ከረጢት ይዤ እመለሳለሁ። ሲበዛ ቅርጽ ማውጫ ላለው ጓደኛዬ እሰጠዋለሁ፣ እሱ እስከ 175 ዲግሪ ሴልሺየስ ገደማ አሙቆ አቅልጦ አዲስ ትል ያፈስበታል፣ ግማሹን ይመልስልኛል። ባለፈው አንድ ተለጣጭ ቁራጭ ሳላየው ገብቶ ድስቱን በሙሉ አበላሸበት። አሁን ሁለት ከረጢት ነው የምይዘው።