ወርድፕሬስ አሪፍ ነው፣ አፕዴቱ ግን አንጀት ያቃጥላል

የራሳችሁን ዌብሳይት ወርድፕሬስ በሚባለው የነጻ ዌብሳይት መስሪያ ሶፍትዌር ከፍታችሁ የምትጽፉ ካላችሁ ይሄ ለናንተ ነው። ስለ ዲዛይኑ ምናምን አይደለም የማወራው፣ ዳሽቦርዱ (ሳይቱን የምታስተዳድሩበት ገጽ) ላይ አፕዴት አለ ብላ ስለምትመጣው ቀይ ቁጥርና እሷን ከተጫናችሁ በኋላ ስለሚመጣው ጣጣ ነው።

መጀመሪያ ጥሩውን ልናገር። ዋናው ሶፍትዌር በዚህ በኩል በጣም ተሻሽሏል። ድሮ ዚፑን አውርዶ፣ ፈትቶ፣ በኤፍቲፒ (ፋይል መላኪያ ዘዴ) ሰርቨር ላይ መጫን ነበር፣ በኛ ኔትዎርክ ደሞ ግማሹ ፋይል ሄዶ ግማሹ ይቀራል። በፈረንጆቹ 2008 መጨረሻ የወጣው ቨርዥን 2.7 ነው ከዳሽቦርዱ በአንድ ክሊክ እንዲሆን ያደረገው፣ 2013 ላይ 3.7 ሲመጣ ደሞ ትናንሾቹ የሴኪዩሪቲ አፕዴቶች ራሳቸው መግባት ጀመሩ። በነጻ ለሚሰጥ ነገር ይሄ ቀላል ስራ አይደለም፣ ከልብ ምስጋና ይገባቸዋል።

ችግሩ ግን ሳይታችሁ ወርድፕሬስ ብቻ አለመሆኑ ነው። ቴሙን (የሳይቱን መልክ) ሌላ ሰው ነው የሰራው፣ ፕለጊኖቹን (ተጨማሪ ስራ የሚጨምሩትን) ሌላ ሌላ ሰው፣ ከስር ያለው ፒኤችፒ፣ ወርድፕሬስ የተጻፈበት የፕሮግራም ቋንቋ፣ ደሞ በሆስቲንጉ (ሰርቨሩን በሚያከራየን ድርጅት) እጅ ነው፣ አንዱ ሲያድግ ሌላው ካላደገ አይግባቡም፣ ሳይታችሁ ሲወድቅ ደሞ ተጠያቂ የለም። እኔ ጋ የሆነውም ይኸው ነው። ሆስቲንጉ ፒኤችፒ 7.4 ጊዜው አልፎበታል ብሎ ወደ 8 አሳደገው፣ እውነት ነው የ7.4 ድጋፍ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 2022 አብቅቷል፣ ግን ፎቶ የማሳይበት የጋለሪ ፕለጊን ሰሪው ከተወው ቆይቶ ነበርና ፒኤችፒ 8 ላይ ጭራሽ የተሰረዙ ፋንክሽኖችን (የኮድ ትእዛዞችን) ነው የሚጠራው፣ ስለዚህ ሳይቱ እንዳለ ነጭ ገጽ ሆነ። ሆስቲንጉን ስጠይቅ "ከፕለጊኑ ነው"፣ ለፕለጊኑ ሰሪ ስጽፍ መልስ የለም፣ የቴሙ ሰዎች ደሞ "ሆስቲንግህን አናግር"። እንዲህ እያዟዟሩ ሰው ማንከራተት በጣም ነው የሚያናድደው።

ወርድፕሬስ ከ5.2 ጀምሮ እንዲህ ሲሆን ለአድሚኑ ኢሜይል ይልካል፣ ኢሜይሉ ላይ ባለው ሊንክ ገብታችሁ የተበላሸውን ፕለጊን ብቻ ከስራ ውጭ ታደርጋላችሁ፣ ሀሳቡ ግሩም ነው። ግን ኢሜይሉን የሚልከው ያው ሰርቨር ስለሆነ የሰርቨሩ ኢሜይል በደንብ ካልተስተካከለ ወይ ስፓም ውስጥ ይገባል ወይ ጭራሽ አይደርስም፣ እኔ ጋ አልደረሰም። እንዲህ ከገጠማችሁ አትደንግጡ፣ ሲፓነል (ሆስቲንጉ የሚሰጣችሁ መቆጣጠሪያ ገጽ) ላይ ፋይል ማናጀር ግቡና ፕለጊኖቹ ያሉበትን ፎልደር ከፍታችሁ የጠረጠራችሁትን ፕለጊን ፎልደር ስሙን ቀይሩት፣ ወርድፕሬስ ሲያጣው ራሱ ከስራ ውጭ ያደርገዋል፣ ሳይቱም ይመለሳል። "ለጥገና ለጊዜው ተዘግቷል" የሚል ጽሁፍ ላይ ተቸክሎ ከቀረ ደሞ አፕዴቱ መሀል ላይ ቆሟል ማለት ነው፣ ዋናው ፎልደር ውስጥ በነጥብ የሚጀምር ሜንቴናንስ የሚባል የተደበቀ ፋይል አለ፣ እሱን ደልቱት።

በአማርኛ ለምንጽፍ ሰዎች ከዚህ ሁሉ የሚብሰው ግን ጽሁፋችን የሚቀመጥበት ዳታቤዙ ነው። ሆስቲንጉ ዳታቤዜን ወደ አዲስ ሰርቨር ሲያዞር የአማርኛ ፊደል የማይዘውን የድሮውን የላቲን ፊደል አቀማመጥ ተጠቅሞ አስገባው፣ ከፍቼ ሳይ የእንግሊዝኛው ሁሉ በቦታው ነው፣ አማርኛው ግን በሙሉ ጥያቄ ምልክት። ርዕሱ "???? ?? ?????" ሆኖ ቁጭ፣ የቃላቱ ርዝመትና ክፍተቱ ብቻ ነው የቀረው። ልብ በሉ፣ ፊደሉ ወደ ተደበላለቀ የፈረንጅ ፊደል ተቀይሮ ከሆነ ብዙ ጊዜ መመለስ ይቻላል፣ ጥያቄ ምልክት ከሆነ ግን ዳታው ራሱ ጠፍቷል፣ ያለ ባካፕ (መጠባበቂያ ቅጂ) ማንም አይመልሰውም። ባካፑ ኮምፒውተሬ ላይ ባይኖር ኖሮ የስንት ጊዜ ጽሁፌ እዛው ቀርቶ ነበር። ስለዚህ ባካፓችሁን ሆስቲንጉ ጋ ብቻ አትተዉት፣ አውርዳችሁም ከፍታችሁ አማርኛው በትክክል መነበቡን እዩ።

ዋናው ሶፍትዌርም ከጥፋት ነጻ አይደለም እኮ። 2018 ዲሴምበር ላይ 5.0 ሲወጣ የለመድነው የጽሁፍ ኤዲተር በአንዴ እያንዳንዱ አንቀጽና ፎቶ ለየብቻ ወደሚቀመጥበት ብሎክ ተቀየረ፣ የድሮውን፣ ክላሲክ ኤዲተርን እንደ ፕለጊን ባያስቀምጡት ብዙ ሰው ጥሎ ይሄድ ነበር። 2020 ላይ በ5.5 ደሞ የድሮ ቴምና ፕለጊን ኮድ እንዲሰራ የሚያደርገውን ጄኩዌሪ ማይግሬት የሚባለውን ከውስጡ አስወጡትና የስንቱ ሳይት ሜኑና ስላይደር መስራት አቆመ፣ ማስተካከያ ፕለጊን እስከማውጣት ደረሱ። አፕዴት በሉ እያሉ የሚገፋፉን እነሱ ሆነው ቁልፉን ከመጫናችን በፊት የትኛው ፕለጊን እንደሚበላሽ በግልጽ አለማሳየታቸው ልክ አይመስለኝም።

የክፍያው ነገርም አለ። ፕሪሚየም (የሚከፈልባቸው) ፕለጊኖች አብዛኞቹ በየዓመቱ በዶላር ነው የሚታደሱት፣ አገር ቤት ላለ ሰው የሚሰራ ካርድ ማግኘት ራሱ ፈተና ነው፣ ላይሰንሱ ካለቀ ደሞ አፕዴት አይመጣም። ብዙዎች ላይሰንሱ የተሰበረውን በነጻ ያወርዳሉ፣ እባካችሁ ተዉት፣ ውስጡ ማልዌር (ጎጂ ኮድ) ታሽጎ የሚመጣው እሱ ነው።

ቴም ላይ ለአማርኛ ፊደል ብላችሁ ፎንትና የመስመር ክፍተት የምትቀይሩ ከሆነ ዳሽቦርዱ ውስጥ ተጨማሪ ሲኤስኤስ (የገጹን መልክ የሚወስን ኮድ) የሚለው ላይ ጻፉት፣ የቴሙ ፋይል ውስጥ የተጻፈ አፕዴት ሲመጣ ይጠፋል።

ለዋናው ሶፍትዌር ከ5 ኮከብ 4 እሰጣለሁ፣ ለአፕዴቱ ጣጣ 2። 6.6 ላይ ፕለጊን ራሱን አፕዴት ሲያደርግ ሳይቱን ከጣለው ወደ ድሮው እንዲመለስ አድርገዋል፣ ጥሩ ጅምር ነው፣ ግን ሆስቲንጉ ፒኤችፒውን ሲቀይር አያድናችሁም። ስለዚህ ሆስቲንግ ከመግዛታችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁ፦ መሞከሪያ የሚሆን ስቴጂንግ አለው ወይ፣ የፒኤችፒ ቨርዥኑን ራሴ ወደ ኋላ መመለስ እችላለሁ ወይ። ለሁለቱም አይ ካሏችሁ ሌላ ፈልጉ።