እማማን ላስመለሰችልን የሒሳብ ባለሙያ ምስጋና

ወገኖቼ፣ ዛሬ አንዲትን ልጅ ላመሰግን ነው።

ፒያሳ አካባቢ ነዳያንን ምሳ የምታበላዋን ማኅበራችንን የምታውቁ ታውቃላችሁ። ገንዘብ ያዧ እኔ ነኝ። ሒሳብ ግን አልተማርኩም።

ሒሳባችን ተምታቶ ነበር። በፋሲካ ብር ይተርፋል፤ ነሐሴ ሲገባ የሽሮ መግዣ የለም። አንዱ ሒሳብ ሠራተኛ ቅድሚያ ክፍያ ተቀብሎ ስልክ ማንሳት አቆመ። ሌላው ባሰ። «ለአስተዳደር ከ20 በመቶ በላይ አውጥታችኋል፤ በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ 1113/2011 ትጠየቃላችሁ» ብሎ እንቅልፍ ነሳን። ወጥ ቤት ገብቶም 9 ዓመት ወጥ የሠሩልንን እማማን «የሽንኩርቱ ደረሰኝ የታለ?» አላቸው። በሰው ፊት! አትክልት ተራ ከፒያሳ ከተነሳ ወዲህ ከጉልት ነው የምንገዛው። ጉልት ደግሞ ደረሰኝ አይቆርጥም። እማማ አፍረው ሦስት ሳምንት ቀሩ። አሁንም ሳስበው ያንገበግበኛል።

ከዚያ በሰው በሰው ይህችን ልጅ አገኘን። ቢሮዋ አራት ኪሎ ነው። ደረሰኞቻችንን በፌስታል ይዤላት ሄድኩ። መጀመሪያ የጠየቀችኝ «ሽንኩርት የሚገዙት ማን ናቸው?» ብላ ነው። እማማ ቤት ድረስ ሄደች። ኩርሲ ላይ ቁጭ ብላ «እማማ፣ ለሁዳዴ መግቢያ ሽንኩርት ስንት ነበር? ለስቅለትስ?» እያለች ጻፈች። እማማ ማንበብ አይችሉም። ግን ሁሉንም ከነቀኑ ነገሯት። ሲደመር ልዩነቱ 140 ብር ብቻ ሆነ። እሱም ከራሳቸው ኪስ የጨመሩት ነው። እማማ በነጠላቸው ዓይናቸውን ሸፍነው አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ። እናቴም እንዲሁ ነበረች፤ ሒሳቧ ሁሉ በጭንቅላቷ።

የቀረውን እንዴት እንደሠራችው አልገባኝም። ብቻ ለፋሲካና ለተስካር ተብሎ የተሰጠንን ብር ከወር መዋጮው ጋር ቀላቅለን ያለን ይመስለን ነበር። እሱን ለየችልን። የአስተዳደር ወጪያችንም ከ20 በመቶ በታች ነው። ያ ሰውዬ የማብሰያውን እንጨት ሳይቀር አስተዳደር ውስጥ ደምሮት ኖሯል። ኦዲቱን ጨረስን። ዘንድሮ ነሐሴም ምሳ አልተቋረጠም። ከተስማማነው በላይ አንድ ብር አልጠየቀችንም።

ማኅበር ያላችሁ፣ ዕድር ያላችሁ፣ እባካችሁ እሷ ጋ ሂዱ። ደግሜ እላለሁ፣ እሷ ጋ ሂዱ! «ስሜን በአደባባይ አትጻፊ» ስላለችኝ፣ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ስልኳን እሰጣችኋለሁ።

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። እማማ ረቡዕ ለምሳ ይጠብቁሻል፤ እንዳትቀሪ ብለዋል።