የባሕር ዳሩ ቶፉ ይገዛል፤ ወረቀቱ ላይ የተጻፈውን ግን አትመኑ

አጭሩን ላስቀድም። ይገዛል፣ ይጣፍጣል፣ በጾምም በፍስክም ይሆናል። የማወራላችሁ መሃል ከተማ ካለች አንዲት ትንሽ የጾም ምግብ መሸጫ ስለምገዛው ቶፉ ነው። ቶፉ የአኩሪ አተር ወተት ረግቶና ተጨምቆ የሚገኝ አይብ መሰል ምግብ ነው፣ እዚያው ይሠሩታል። በጠዋት ከሄዳችሁ ነጭ ባልዲ ውስጥ ውኃ ውስጥ ተቀምጦ ታገኙታላችሁ። ዋጋው ከሽሮ ይወደዳል፣ ከሥጋ ግን ይረክሳል። ከረጢቱ ላይ ደግሞ «የሴቶችን ሆርሞን ያስተካክላል» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ጠቤ ከእሱ ጋር ነው፤ እመጣበታለሁ።

ቶፉ ፍለጋ የገባሁት የማረጫ ዕድሜዬ ስለደረሰ ነው። ያ ሙቀት አለ አይደል፣ ከደረት ተነሥቶ አንገትና ፊት ላይ የሚወጣው፣ በላብ አጥምቆ ሲያበቃ ደግሞ ብርድ ብርድ የሚያሰኘው። ሚያዝያ ላይ ከጣና ነፋስ በማይመጣበት ማታ፣ ሙቀቱ የአየሩ ይሁን የራሴ መለየት ያቅተኛል። ብዙዎቹ እናቶቻችን «ምች ነው» ብለው ዳማከሴ ጠጥተው አልፈውታል። ዛሬም ቢሆን በግልጽ የምናወራው ጥቂቶች ነን። ማውራት አለብን ባይ ነኝ።

ወደ ቶፉው ልመለስ። ጥሩ ቶፉ በጣት ሲጫኑት ቀስ ብሎ ተመልሶ ይነሣል። ቢላዋ ሲገባበት አይፈረፈርም። የእነዚህኛው ጎኑ ላይ የተጨመቀበት ጨርቅ ሽመና ታትሞበት ይታያል፤ ከሳሳ ነጠላ ላይ የተነሣ ይመስላል፣ እሱን ሳይ በደንብ እንደተጠለለ አውቃለሁ። ሽታው የበሰለ ባቄላ ቢመስል ነው፣ እሱም ለስለስ ያለ። ኮምጠጥ ካለ ወይም እጅ ላይ ካሟለጨ አትውሰዱት። አንዴ ከሰዓት በኋላ የገዛሁት ቤት ስደርስ ኮምጥጦ አገኘሁት። መልሼ ስወስድላት ልጅቷ አልተከራከረችኝም፣ መብራት ጠፍቶ እንደዋለ ነግራኝ ብሬን መለሰችልኝ። «እትየ፣ ጠዋት ጠዋት ይምጡ፣ ትኩሱን አስቀምጥልዎታለሁ» አለችኝ። እውነትም ታስቀምጥልኛለች። ቤት ካስገባችሁት በኋላ ፍሪጅ ውስጥ ንጹሕ ውኃ ውስጥ አድርጉት፣ ውኃውን በየቀኑ ቀይሩ፣ ቶሎም ጨርሱት።

አሠራሩ ላይ ብዙ ሰው የሚሰናከለው ውኃውን ሳያስወጣ ድስት ውስጥ ስለሚጨምረው ነው። መጀመሪያ በንጹሕ ፎጣ ጠቅልሉት፣ ከላዩ ከበድ ያለ ነገር ጫኑበት፣ ሃያ ደቂቃ ያህል ተዉት። ፎጣው ርሶ ታገኙታላችሁ። ከዚያ በአውራ ጣት ልክ ቆራርጣችሁ እርድ ነስንሱበት። ሰፊ መጥበሻ ላይ ዘይት በደንብ አግሉ (እኔ የኑግ ዘይት ሳገኝ ሌላ አልነካም፣ ሽታው ብቻውን ምግብ ነው)፣ ቶፉውን ደርድሩና እጃችሁን ሰብስቡ። ቶሎ ካማሰላችሁት ይጣበቃል፣ ይሰባበራል። ሥሩ ቡናማ ሲሆን ራሱ ይላቀቃል። ገልብጣችሁ ሌላውንም ጎን ጥበሱና አውጡት።

በዚያው ዘይት ቀይ ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ቁሌት ይሠራል። ካሮትና ፎሶሊያ ይቅደሙ፣ ጥቅል ጎመኑ ይከተል፣ ቆስጣና ቃሪያ መጨረሻ ላይ ይግቡ። ጎመኑ ሲነከስ ድምፅ ማሰማት አለበት፤ እኛ አትክልት እስኪሟሟ የመቀቀል ልማድ አለብን፣ እዚህ ላይ ተዉት። አትክልት በኩል ባሕር ዳር ዕድለኛ ናት፤ የቆጋ መስኖ መራዊ ላይ፣ የፎገራ ሽንኩርትና ቲማቲም ደግሞ በጎንደር መንገድ ቅርባችን ነው። ቶፉውን የምትመልሱት ሊወጣ ሲል ነው። ጨውም ያኔ ይግባ። አዮዲን ያለው ጨው ረጅም ጊዜ ሲበስል አዮዲኑ ይቀንሳል፣ አኩሪ አተር ለሚያዘወትር ሰው ደግሞ አዮዲን በጣም ያስፈልጋል። አዮዲን በሚጎድለው ሰው ላይ አኩሪ አተር የእንቅርት ዕጢን ሥራ ሊያውክ ይችላል።

በበርበሬም ሞክሬዋለሁ፣ አይከፋም። ግን አልጫው ይበልጥብኛል። በእንጀራ ይሄዳል፣ በፎገራ ሩዝ ደግሞ የተሻለ ይሄዳል።

አሁን ወደ ወረቀቱ። አኩሪ አተር ውስጥ አይዞፍላቮን የሚባሉ ነገሮች አሉ። ቅርጻቸው ኤስትሮጅን የተባለውን የሴት ሆርሞን ስለሚመስል የኤስትሮጅን መቀበያዎች ላይ ይቀመጣሉ፣ ሥራቸው ግን ከራሱ ከኤስትሮጅን በጣም የደከመ ነው። ሙቀቱን ሊያቀልሉ እንደሚችሉ ያሳዩ ጥናቶች አሉ፣ መድኃኒት ከሌለበት የማነጻጸሪያ ኪኒን ያልተሻሉባቸውም አሉ። አንዱ ምክንያት ሰው ከሰው መለያየቱ ነው፤ ዳይድዚን የተባለውን አይዞፍላቮን ኢኮል ወደሚባል ጠንከር ያለ ውሕድ የሚቀይሩት የአንጀት ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ሁሉም ሰው ጋ የሉም። ለጓደኛችሁ የሠራው ለእናንተ ላይሠራ የሚችለው ለዚህ ነው። ለእኔ? ሌሊት የምነቃው ቀንሷል። ግን ማታ ማታ ቡና መጠጣትም ትቻለሁ፣ ስለዚህ ምስጋናውን በሙሉ ለቶፉ አልሰጥም። «ያስተካክላል» የሚል ቃል በአንድ ቁራጭ ምግብ ላይ መለጠፍ ትክክል አይደለም። አንዲት ሴት እሱን አምና ሐኪም ሳታይ ብትቀርስ? ከዓመት በላይ ቆሞ የነበረ ደም እንደገና ከመጣ በቶፉ የሚታለፍ ጉዳይ አይደለም፣ ሆስፒታል ሂዱ።

የእንቅርት ዕጢ ኪኒን የምትወስዱም ተጠንቀቁ። አኩሪ አተር መድኃኒቱ ወደ ሰውነት እንዳይገባ ስለሚቀንስ ኪኒኑና ቶፉው በሰዓታት ይራራቁ። የጡት ካንሰር ሕክምና ላይ ያላችሁ ሐኪማችሁን ጠይቁ።

ቶፉ ያጣችሁ ቀን ደግሞ አትጨነቁ። ተልባችን አለ። ሊግናን የሚባሉት፣ እንደ አይዞፍላቮን ያሉ የዕፅዋት ውሕዶች፣ ተልባ ውስጥ በብዛት ይገኛሉ። ቆልቶ፣ ፈጭቶ፣ በውኃ በጥብጦ መጠጣት ነው።

ቤት ልሥራው ለምትሉ፣ ይቻላል። አኩሪ አተሩን አዳር ዘፍዝፉ፣ ፍጩ፣ ቀቅሉ፣ በጨርቅ አጥሉ፣ ወተቱን በሎሚ አርጉና ጭመቁት። ማብሰሉን ግን አታሳጥሩ። ጥሬ አኩሪ አተር የፕሮቲን መፈጨትን የሚያግድ ነገር አለው፣ እኛ ጋ ደግሞ ከተማዋ ወደ 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ውኃው የሚፈላው በ94 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከፈላ በኋላ ሃያ ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። አረፋው ይገነፍላል፣ ትልቅ ድስት ተጠቀሙ። እኔ በሥራ ቀን ጉልበቱ ስለሌለኝ እገዛለሁ።

ለሱቋ ባለቤቶች ያለኝ ጥያቄ አንድ ነው። ያን ወረቀት ላጡትና በቦታው የተሠራበትን ቀንና ሰዓት ጻፉበት።