ለአንዲት ላይብረሪያን ምስጋና፣ ኦነርስ ለምታስቡ ደግሞ ጥቆማ

ይህን ጽሑፍ ለመጻፍ ቃል የገባሁት ኦክቶበር ላይ ነበር። ሥራ ጀመርኩ፣ ቤት ቀየርን፣ ሳላስበው ወራት አለፉ። ዘግይቷል፤ ይቅርታ።

ማመስገን የምፈልገው አንዲት የዩኒቨርሲቲ ላይብረሪያን ነው። እዚሁ ሜልበርን ነው የምትሠራው። ስሟን ልጽፍ ስል “ተይ እባክሽ፣ ደሞዝ የሚከፈለኝ ለዚሁ ነው” አለችኝ። እሺ ብያለሁ። ሥራዋን ግን ልንገራችሁ። የእሷ ዓይነት ባለሙያ በየዩኒቨርሲቲው ስላለ የራሳችሁን ማግኘት አያቅታችሁም።

መጀመሪያ ኦነርስ ምን እንደሆነ። እኛ አገር “በማዕረግ ተመረቀ” ሲባል ነጥቡ ከፍ ያለ ነው ማለት ነው። ብዙ ወላጅ ኦነርስንም እንደዚያ ነው የሚረዳው። አውስትራሊያ ውስጥ በኮሜርስ ወይም በቢዝነስ ግን ኦነርስ ብዙውን ጊዜ ራሱን የቻለ አንድ ዓመት ነው። የሦስት ዓመቱን ዲግሪ ትጨርሳላችሁ፣ ትመረቃላችሁ፣ ከዚያ አመልክታችሁ ከተቀበሏችሁ አራተኛ ዓመት ትቀመጣላችሁ። ከፊሉ ጠንከር ያለ ኮርስ ነው፣ ከፊሉ ቴሲስ፣ ማለት ረጅም የምርምር ጽሑፍ።

ለእማዬ ስነግራት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቢላዋውን አስቀመጠች።

“ጨርሻለሁ አላልሽም እንዴ? ጋውን ለብሰሽ ፎቶ ተነስተን የለም?”

“ጨርሻለሁ እማዬ። ይሄ ጭማሪ ነው።”

“ምን ወድቀሽ ነው?”

ነጥቤ ጥሩ ስለሆነ ነው የተቀበሉኝ ብል ማን ይሰማኛል። ማታ ለአክስቴ ደውላ “አንድ ዓመት ጨመሩባት” ስትል ሰማኋት። ድምጿ የለቅሶ ቤት ድምፅ ነበር።

እንዲህ ነው አካሄዱ። ለመግባት አብዛኛው ቦታ በዋናው ትምህርታችሁ ከ70 እስከ 75 በመቶ አካባቢ አማካይ ውጤት ይጠይቃል። ከፌብሩዋሪ መጨረሻ እስከ ኦክቶበር መጨረሻ ትሮጣላችሁ። ቴሲሱ እንደየትምህርት ክፍሉ ይለያያል፤ የእኔ 15,000 ቃል ነበር። በእኔ ዩኒቨርሲቲ 80ና ከዚያ በላይ አንደኛ ደረጃ ነው፣ ከ75 እስከ 79 ደግሞ የሁለተኛ ደረጃ ላይኛው እርከን። አንደኛ ደረጃ ያገኘ ሰው ማስተርስ ሳይማር በቀጥታ ለፒኤችዲና ለመንግሥት የምርምር ስኮላርሺፕ መወዳደር ይችላል። ሰው የሚንገበገብለት በዚህ ምክንያት ነው።

ገንዘቡንም ልንገራችሁ፣ ማንም ስለማይናገረው። በ2021 ክፍያው ሲቀየር የቢዝነስ ተማሪ ድርሻ በዓመት 14,500 ዶላር ሆኖ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ከፍ እያለ ነው የመጣው። በመንግሥት የተደገፈ ቦታ ካገኛችሁ፣ ዜጋ የሆነና በሰብአዊ ቪዛ ቋሚ ነዋሪ የሆነ ሰው ሄክስ በሚባለው የመንግሥት የትምህርት ብድር ይማራል። በሌላ ቪዛ ቋሚ ነዋሪ ከሆናችሁ ግን ቦታው ቢፈቀድላችሁም ድርሻችሁን በአብዛኛው ከኪሳችሁ ነው የምትከፍሉት። ይህን ሳያጣራ የገባ ሰው አውቃለሁ። ሴሚስተሩ ሳያልቅ ታክሲ መንዳት ጀመረ።

የእኔ ርዕስ እቁብ ነበር። በምዕራብ ሜልበርን ፉትስክሬይና ሰንሻይን አካባቢ ትንንሽ ሱቅ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን መነሻ ካፒታላቸውን ከእቁብ እንዴት እንዳገኙ ማጥናት ፈለግኩ። እማዬ የእቁብ ዳኛ ናት። እኔ ያደግኩት እሑድ እሑድ ሳሎናችን ውስጥ ብር ሲቆጠር እያየሁ ነው። ታዲያ በሁለተኛው ሳምንት አንድ መምህር ርዕሴን አየና “ደስ ይላል፣ ግን የተጻፈ ነገር የለውም። ሌላ ፈልጊ” አለኝ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስፈልግ ከርሜ ስለነበር ልከራከረው አልቻልኩም። እውነትም ያገኘሁት ነገር ከአራትና ከአምስት አይበልጥም።

የላይብረሪውን ቀጠሮ የያዝኩት ለይስሙላ ነው። የኦነርስ መመሪያው ላይ “ላይብረሪያን አማክሩ” የሚል መስመር ነበረ፣ ምልክት ላደርግበት ብዬ ሄድኩ።

“ርዕስሽን እንደ ለጎረቤት ንገሪኝ” አለችኝ። ነገርኳት። ሰዎች በየሳምንቱ እኩል ያዋጣሉ፣ እጣ ይወጣል፣ የደረሰው ጠቅልሎ ይወስዳል፣ ሁሉም እስኪያገኝ ይቀጥላል። ሳልጨርስ ሳቀች።

“እናቴ እኮ ሁዪ ነበራት።”

ወላጆቿ ከቬትናም የመጡ ናቸው። ሁዪ ለካ የእነሱ እቁብ ነው። እኛ ዛሬ ጥብስ በምንበላበት ሰፈር ከእኛ በፊት እነሱ ነበሩ፣ አሁንም አሉ። እነሱም እንደኛው ሳሎን ውስጥ ብር ሲቆጥሩ ኖረዋል።

ከዚያ “ምን ብለሽ ነው የፈለግሽው?” አለችኝ። ኮምፒውተሬን አሳየኋት። እቁብን በእንግሊዝኛ ፊደል እኔ እንደለመድኩት ጽፌ ነበር የምፈልገው። በአንድ ስፔሊንግ፣ በቃ። ወረቀት አወጣችና “ሰው ይህን ቃል በስንት ዓይነት ሊጽፈው ይችላል?” ብላ አስጻፈችኝ። በኢ የሚጀምር። በአይ የሚጀምር። በኬ። በኪው። ኪዋን የሚደግማት። ሰባት ደረሰ። ሰባቱንም ደረደረቻቸውና በየመሃላቸው “ኦር” የምትለዋን ቃል በካፒታል አስገባች። አስገቢ ቁልፉን እኔ እንድጫነው ኪቦርዱን ወደ እኔ ገፋችው።

ገጹ ሞላ። ኢኮኖሚስቱ ደጀነ አሬዶ እ.ኤ.አ. በ1993 ስለ እቁብ፣ ስለ እድርና ስለ ቁጠባና ብድር ማኅበራት የሠሩት ጥናት ከላይ ተቀምጦ አየሁት። ናይሮቢ ያለው የአፍሪካ የኢኮኖሚ ምርምር ማኅበር ነው ያሳተመው። ለእኔ ቴሲስ ከዚያ የሚቀርብ ሥራ አልነበረም። ያጣሁት እሳቸው ኪዋን ስለደገሟት ነው። በአንዲት ፊደል ርዕሴን ልጥል ነበር!

“ይሄ የአንድ አገር ስሙ ነው” አለች። “ተመራማሪዎቹ የጋራ ስም ይኖራቸዋል፣ እሱን እንያዝ።” ተዘዋዋሪ የቁጠባና ብድር ማኅበር ነው የሚሉት፣ ሲያሳጥሩት ሮስካ። ምዕራብ አፍሪካ ቶንቲን፣ ሜክሲኮ ታንዳ፣ ኢንዶኔዥያ አሪሳን፣ ደቡብ አፍሪካ ስቶክቬል፣ ሱማሌዎቹ ሀግባድ ወይም አዩቶ። እኔ የእኛ ብቻ ይመስለኝ የነበረው ነገር ዓለም አቀፍ ሆኖ ቁጭ አለ። ክሊፎርድ ጊርትዝ የሚባለው አንትሮፖሎጂስት በ1962 ጽፎበታል። ዘመናዊ ባንክ ሲስፋፋ እየቀረ የሚሄድ መሸጋገሪያ አድርጎ ነው ያየው። በ1993 ደግሞ ቤስሊ፣ ኮትና ላውሪ የተባሉ ኢኮኖሚስቶች በሒሳብ ቀምረው ሰው ለምን እቁብ እንደሚገባ አሳይተዋል። ፉትስክሬይ ውስጥ ባንኩም አለ፣ እቁቡም አለ። ጊርትዝ ትንሽ የቸኮለ መሰለኝ። የቴሲሴ ክርክር የተወለደው እዚያች ወንበር ላይ ነው።

አንድ ሌላ ነገር አስተማረችኝ። ጥሩ ጽሑፍ ስታገኙ ከሥሩ ያለውን ማጣቀሻ ብቻ አትዩ። እሱን ማን እንደጠቀሰው ወደ ፊት ተከተሉት። ከአንድ የ1993 ጽሑፍ ተነስቼ የቅርብ ጊዜ ጥናቶች ላይ የደረስኩት እንደዚያ ነው። በማግስቱ መምህሩ ጋ ስልሳ የሚያህል ርዕስ ይዤ ሄድኩ። “ኦ” አለ። ሌላ ምንም አላለም።

መሃሉን ላሳጥረው። የምርምር ሥነ ምግባር ኮሚቴው የእማዬን እቁብ አባላት እንዳላነጋግር አደረገኝ። የዳኛዋ ልጅ ስትጠይቃቸው እምቢ ማለት ይከብዳቸዋል አሉ። ልክ ናቸው። እማዬ ግን እስካሁን አልዋጠላትም። “እኔ ማንን አስገድጄ አውቃለሁ?” ትላለች። ከሌሎች እቁቦች 14 ሰው አነጋገርኩ፣ የስምምነት ቅጹን በአማርኛ አዘጋጅቼ።

አሁን ወደ ኦክቶበር። ለማስረከብ 11 ቀን ሲቀረኝ ኤንድኖት አልከፍት አለ። ኤንድኖት ለማታውቁት፣ ማጣቀሻችሁን ሁሉ ሰብስቦ የሚይዝ ፕሮግራም ነው። ከሁለት መቶ በላይ ማጣቀሻ ነበረኝ። ፋይሉ ተበላሽቷል ይላል። ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ነው። አልዋሻችሁም፣ አልቅሻለሁ። በዚያው እንባዬ ኢሜይል ጻፍኩላት።

ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ መለሰች። “ዎርድ ፋይልሽን እንዳትነኪው። ይዘሽው ነይ።” የመጀመሪያ ጥያቄዋ “ላይብረሪሽ ዋንድራይቭ ውስጥ ነበር?” የሚል ነበር። ነበር። ለካ የኤንድኖት ፋይል ከኢንተርኔት ጋር ራሱን በሚያመሳስል ፎልደር ውስጥ መቀመጥ የለበትም፤ ይበላሻል። ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጥና መጠባበቂያው ብቻ ታሽጎ ሌላ ቦታ ይቀመጥ። ይህን ሜይ ላይ ነግራኛለች። ማስታወሻ ደብተሬ ላይ በራሴ እጅ ተጽፏል። አላደረግኩትም።

አልተቆጣችኝም። ዎርድ ውስጥ ገብታ የኤንድኖትን ሜኑ ከፈተች። እዚያ “ትራቨሊንግ ላይብረሪ” የሚባል ነገር አለ። ጽሑፉ ውስጥ የጠቀሳችሁት እያንዳንዱ ሥራ መረጃው ከዎርዱ ጋር ተደብቆ ይጓዛል። ኤክስፖርት አለችው። በአዲስ ፋይል 96 ማጣቀሻ ተመልሶ መጣ። ያልጠቀስኳቸው ቀርተዋል፣ ግን ያልጠቀስኩት ምን ያደርግልኛል? ሃያ ደቂቃ አልፈጀባትም። ከዚያ የመጠባበቂያውን አሠራር ፊቷ እንድሠራው አደረገችኝ። ሁለቴ።

ምስጋናዬ እውነት እንዲሆን የማታደርገውንም ልናገር። ጽሑፍ አታርምም። እንግሊዝኛችሁን አታስተካክልም፤ ለዚያ የትምህርት ክህሎት አማካሪዎች አሉ፣ እነሱም ነፃ ናቸው። ስታቲስቲክስ አትነካም። አርብ አርብ አትሠራም፣ ኢሜይልም አትመልስም። ኤፕሪልና ሴፕቴምበር ላይ ቀጠሮዋ ይሞላል፣ ስለዚህ ሦስተኛው ሳምንት ሳይደርስ ያዙ። በዩኒቨርሲቲያችሁ ላይብረሪ ገጽ ላይ ለቢዝነስ የተመደበውን ላይብረሪያን ፈልጉ። ስትሄዱ ያገኛችሁትን ብቻ ሳይሆን ፈልጋችሁ ያጣችሁበትን ቃል ጽፋችሁ ያዙ። የጠቀመኝ እሱ ነው።

ተማሪ ያልሆናችሁ ደግሞ ስዋንስተን ስትሪት ያለው የቪክቶሪያ ስቴት ላይብረሪ አለላችሁ። መግባት ነፃ ነው። የቪክቶሪያ ነዋሪ ከሆናችሁ በነፃ አባል ሆናችሁ ብዙ የመረጃ ቋቶችን ቤታችሁ ሆናችሁ ትጠቀማላችሁ። ከላይ ጉልላት ያለው የ1913ቱ የንባብ አዳራሽ ውስጥ መቀመጥ በራሱ እንቅልፍ ያባርራል።

“ቴሲስ እንጽፍልሃለን” እያሉ መልእክት የሚልኩትን አትመኑ። እኔም ደርሶኛል፣ በአማርኛ ጭምር። እንዲህ ያለውን አገልግሎት መሸጥም ማስተዋወቅም በ2020 በወጣ ሕግ እዚህ አገር ወንጀል ሆኗል። የገዛው ተማሪ ደግሞ ከዩኒቨርሲቲው ሊባረር ይችላል፤ ሻጩ ራሱም ካልከፈልክ አጋልጥሃለሁ ብሎ ሊመጣበት ይችላል።

ኦነርስ ለሁሉም ነው እያልኩ አይደለም። አካውንታንት ሆናችሁ ሲፒኤ የሚባለውን የሙያ ማረጋገጫ ልትይዙ ከሆነ ዓመቱን ሥራ ላይ ብታሳልፉት ይሻላል ባይ ነኝ። ምርምር የሚጥማችሁ፣ ወይም እንደ ሪዘርቭ ባንክ (ማዕከላዊ ባንኩ) እና ትሬዠሪ (የመንግሥት ግምጃ ቤት) ያለ ቦታ በኢኮኖሚክስ መግባት የምትፈልጉ ግን አስቡበት። እኔ 79 አገኘሁ። አዎ፣ አንድ ነጥብ። ያወረደኝ የኢኮኖሜትሪክስ ኮርሱ ነው፣ ቴሲሱ 84 ነበር። አሁንም ስጽፈው ያመኛል።

ዲሴምበር ላይ እማዬ “ያችን ሴትዮ ባዶ እጅሽን አታመስግኛትም” ብላ ድፎ ዳቦ ጋግራ አብራኝ መጣች። ላይብረሪያኗ ስጦታ ስንቀበል እናስመዘግባለን አለች፤ ዳቦውን ግን እዚያው ቆርሰን ከሥራ ባልደረቦቿ ጋር ጨረስነው። እኔ መሃል ሆኜ አስተረጎምኩ። ሁለቱ ስለ ሁዪና ስለ እቁብ ሲያወሩ ቆዩ። ሰው ብር ይዞ ቢጠፋስ፣ ዳኛው ምን ያደርጋል፣ እጣ ይሸጣል አይሸጥም።

በመጨረሻ ላይብረሪያኗ “የእናንተ እቁብ ሰው ይቀበላል?” አለችኝ። ለእማዬ ነገርኳት። እማዬ ቀና ብላ አየቻት፣ እንደ ዳኛ።

“ዋስ አላት?”

“እኔ አለሁላት” አልኩ።