አይማፕሲንክ፦ የቢሯችንን ኢሜይል ያሻገረው ፕሮግራም

የቢሮ ኢሜይል ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላ የሚያዛውር ሰው «በምን ላድርገው?» ብሎ ሲጠይቀኝ መልሴ አንድ ነው፦ አይማፕሲንክ። ነፃ ነው። መብራት ቢጠፋ፣ ኔትወርክ ቢቆራረጥ ከቆመበት ይቀጥላል። ምን እንዳሻገረና ምን እንደቀረ በግልጽ ይናገራል። ካላንደርን ግን አይነካም። ስለ ካላንደሩ ወደ ታች ብዙ እላለሁ፤ ሰው ሳያስበው የሚጎዳው እዚያ ላይ ነውና።

የምሠራው አዲስ አበባ፣ መገናኛ አካባቢ ባለ የትራንዚት ቢሮ ውስጥ ነው። የኮምፒውተርና የኔትወርክ ነገር ሁሉ በእኔ ላይ ነው። የትራንዚት ሥራ የሚያውቅ ይረዳኛል፤ ኢሜይላችን ማህደራችን ነው። ቢል ኦፍ ሎዲንግ (የመርከብ ጭነት ሰነድ)፣ ኢንቮይስ፣ ፓኪንግ ሊስት፣ ከጅቡቲ ወኪላችን ጋር የተጻጻፍነው ሁሉ እዚያው ነው ያለው። ጉምሩክ ለድህረ ዕቃ አወጣጥ ኦዲት ሲመጣ ከዓመታት በፊት የተላከ አንድ ደብዳቤ ሊፈለግ ይችላል። «የለም» ማለት አይቻልም።

የነበርንበት ሰርቨር ውጭ አገር ያለ፣ ብዙ ድርጅቶች በጋራ የሚጠቀሙበት ርካሽ ሆስቲንግ ነበር። ቦታው ሞላ። ክፍያው በዶላር ስለሆነ በየዓመቱ ዶላር የሚከፍል ካርድ መፈለግ ራሱን የቻለ ሥራ ነበር። አዲሱ ሰርቨር እዚሁ አገር ዳታ ሴንተር ውስጥ ነው፤ የሚከፈለውም በብር ነው። ሜይልካው የሚባለውን ነፃ የኢሜይል ሰርቨር ሶፍትዌር ጫንኩበት። ውስጡ ደብዳቤ የሚልከውና የሚቀበለው ፖስትፊክስ፣ ደብዳቤውን በየሳጥኑ የሚያኖረው ዶቭኮት፣ እንዲሁም ሶጎ አሉ። ሶጎ ዌብሜይሉንና ካላንደሩን የሚይዘው ክፍል ነው።

አይማፕሲንክን ጊል ላሚራል የተባለ ፈረንሳዊ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፐርል በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ሲጽፈው ኖሯል። ፈቃዱ «ኖ ሊሚት ፐብሊክ ላይሰንስ» ይባላል፤ እንደፈለጋችሁ ተጠቀሙበት ማለት ነው። የሚፈልግ ሰው ከጸሐፊው ድጋፍ በክፍያ መግዛት ይችላል። ሜይልካው ራሱ «ሲንክ ጆብ» በሚለው ገጹ ላይ ከጀርባ የሚያሠራው ይህንኑ ፕሮግራም ነው። እኔ ግን ሎጉን፣ ማለትም የሠራውን ሁሉ የሚመዘግብበትን ጽሑፍ፣ መስመር በመስመር ማየት ስለምፈልግ ለብቻው ተርሚናል (ትእዛዝ በጽሑፍ የሚሰጥበት መስኮት) ላይ አሠራሁት።

አሠራሩ ቀላል ነው። ሰርቨር ላይ ያለ ኢሜይል በሚነበብበት የጋራ ቋንቋ፣ በአይማፕ፣ አንዱ ሰርቨር ላይ ይገባል፤ ሌላውም ላይ ይገባል። ፎልደር በፎልደር ያወዳድራል፤ የጎደለውን ይቀዳል። የተነበበው እንደተነበበ፣ ያልተነበበው እንዳልተነበበ፣ ኮከብ የተደረገበትም ከነኮከቡ ይሄዳል። ቀኑም አይቀየርም። ይህ ትንሽ ነገር እንዳይመስላችሁ። ቀን ሳይጠብቅ የሚቀዳ መሣሪያ የ2010 ዓ.ም. ደብዳቤ ዛሬ የመጣ አስመስሎ ያሳያችኋል።

አሁን ወደምወድለት ነገር ልምጣ። መብራት ሄደ፣ ሥራው መሐል ላይ ቆመ እንበል። መብራት ሲመጣ ያንኑ ትእዛዝ ደግሜ እሰጠዋለሁ። የእያንዳንዱን ኢሜይል መለያ ቁጥርና የመጣበትን መንገድ የሚያሳዩትን መስመሮች አይቶ አዲሱ ሰርቨር ላይ ያለውን ይዘለዋል፤ የቀረውን ብቻ ይቀዳል። መቶ ጊዜ ብትደግሙት አንድ ደብዳቤ ሁለት አይሆንም። የሥራ አስኪያጃችን ሳጥን ከ20 ጊጋ በላይ ነበር። እኛ ሰፈር ባለው መስመር እንዲህ ያለ ሳጥን በአንድ ትንፋሽ አይሻገርም። ማታ ማታ አስጀምሬ እሄዳለሁ፤ ጠዋት ሎጉን አያለሁ። ሲጨርስ መጨረሻው ላይ በድሮው ሰርቨር ያሉ ተለይተው የታወቁ ደብዳቤዎች ሁሉ አዲሱ ላይ እንዳሉ ከነቁጥራቸው ይጽፋል፤ ስሕተት ካለም ስንት እንደሆነ ይናገራል። ሥራ አስኪያጃችን «የጥንቱ ሁሉ አለ?» ብለው ሲጠይቁኝ ሎጉን ከፍቼ «አለ ጋሼ፣ ይኸው ቁጥሩ» ብዬ አሳየኋቸው። እንዲህ ያለ ማስረጃ የሚሰጥ መሣሪያ ትልቅ ነገር ነው።

በአማርኛ ፎልደር የሚሠራ ሰው ደግሞ ይህን ይወቅ። አይማፕ በ1986 እ.ኤ.አ. ማርክ ክሪስፒን ስታንፎርድ ሳለ የነደፈው የቆየ ፕሮቶኮል ነው። የፎልደር ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ካልሆነ በልዩ መንገድ ተቀይሮ ይቀመጣል። «ጅቡቲ» ወይም «ያልተከፈለ» ብላችሁ የከፈታችሁት ፎልደር ሰርቨሩ ውስጥ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ድርድር ሆኖ ነው የሚታየው። በእጅ ለመገልበጥ ብትሞክሩ የትኛው የቱ እንደሆነ ይጠፋችኋል። አይማፕሲንክ ሎጉ ላይ ሁለቱንም ስም ጎን ለጎን ይጽፋል፤ አዲሱ ሰርቨር ላይም ስሙ በአማርኛ እንደነበረ ይወጣል። የሂሳብ ክፍላችን ፎልደሮች ሁሉ በአማርኛ ናቸው። አንድም አልተበላሸም።

አንዱ ሰርቨር ፎልደርን ከንዑስ ፎልደር በነጥብ ይለያል፤ ሌላው በስላሽ። ይህን ራሱ ያስተካክላል። የተላኩ ደብዳቤዎችና የስፓም ፎልደር በሁለቱ ሰርቨሮች ስማቸው ከተለያየ «አውቶማፕ» የሚለውን አማራጭ ጨምሩ። ከመጀመራችሁ በፊት ደግሞ «ድራይ» በሚለው አማራጭ አሠሩት፤ ምንም ሳይነካ ምን ሊያደርግ እንደሆነ ያሳያል። ረቂቆችን በተለይ ተመልከቱ። አንዳንድ ፕሮግራም የሚያስቀምጠው ረቂቅ መለያ ቁጥር ስለሌለው ሳይሻገር ይቀራል። «አድሄደር» የሚባለው አማራጭ መለያ ሰጥቶ ያሻግረዋል።

አንድ አማራጭ ግን በጣም ያስፈራኛል፤ «ዲሊት2» ይባላል። ድሮው ሰርቨር ላይ የሌለውን ደብዳቤ አዲሱ ላይ ካገኘ ይሰርዛል። ዝውውሩ ከመጠናቀቁ በፊት ሁለቱን አንድ ዓይነት ለማድረግ ይጠቅም ይሆናል። አዲስ ደብዳቤ አዲሱ ሰርቨር ላይ መግባት ከጀመረ በኋላ ግን ያ አዲስ ደብዳቤ ድሮው ላይ የለም፤ ስለዚህ ይጠፋል። ሰው የሰጣችሁን ትእዛዝ ገልብጣችሁ ከመለጠፋችሁ በፊት ይህ ቃል ውስጡ እንዳለ ፈትሹ።

ጉድለቱን ደግሞ ልናገር። የሚጫን ቁልፍ፣ የሚከፈት መስኮት የለውም፤ ጥቁር ስክሪን ላይ መጻፍ ግድ ነው። በድረ ገጹ ላይ የሚሠራ ቅጽ አለ፤ ለሙከራ አካውንት ጥሩ ነው። የድርጅት ፓስወርድ ግን የሌላ ሰው ሰርቨር ላይ መጻፍ አልወድም። አብዛኛውን ጊዜ የእያንዳንዱን ሠራተኛ ፓስወርድም ይፈልጋል። እኔ ለዝውውሩ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል አዲስ ፓስወርድ ለሁሉም ሰጠሁ፤ ፓስወርዱንም ትእዛዙ ውስጥ ሳይሆን ለብቻው ፋይል ውስጥ አስቀመጥኩ። ትእዛዝ ላይ የተጻፈ ፓስወርድ እዚያ ኮምፒውተር ላይ ለሚሠራ ሌላ ሰው ሊታይ ይችላል። ከጂሜይል የሚያዛውር ሰው ባለሁለት ደረጃ ማረጋገጫ ከፍቶ «አፕ ፓስወርድ» (ለአንድ ፕሮግራም ብቻ የሚያገለግል ፓስወርድ) ማውጣት አለበት። ማይክሮሶፍት ደግሞ ከኦክቶበር 2022 ጀምሮ በድርጅት ኢሜይሉ፣ በኤክስቼንጅ ኦንላይን፣ በስምና በፓስወርድ ብቻ መግባትን ስለዘጋ እዚያ ቶክን (በፓስወርድ ፈንታ የሚሰጥ ጊዜያዊ የመግቢያ ኮድ) ያስፈልጋል። ወደ ጂሜይል የምታስገቡ ከሆነ ጉግል በአይማፕ የሚገባውን በቀን 500 ሜጋባይት ላይ ይገድባል። እንደ ሥራ አስኪያጃችን ላለ ሳጥን ከወር በላይ ማለት ነው፤ እንዲያ ከሆነ የጉግልን የራሱን የዳታ ማዛወሪያ ተጠቀሙ። ፊርማ፣ ፊልተር፣ የስልክና የአድራሻ መዝገብም ከአይማፕሲንክ አትጠብቁ።

ወደ ካላንደሩ። የእኛ ካላንደር ውስጥ ያለው የመርከብ መድረሻ ቀን፣ የኮንቴነር መመለሻ ቀን፣ የባንክ ቀጠሮ ነው። ኮንቴነር በቀኑ ካልተመለሰ በየቀኑ ቅጣት ይቆጥራል፤ በዶላር። አንድ ቀን የተሳሳተ ካላንደር እዚህ ቢሮ ውስጥ ገንዘብ ነው።

የተጠቀምኩት ቪዲርሲንከር የሚባል ነፃ የፓይተን ፕሮግራም ነው። ሁለት ካላንደሮችን ካልዳቭ በሚባለው፣ ካላንደር ከሰርቨር ጋር በሚነጋገርበት ፕሮቶኮል ያመሳስላል። እያንዳንዱን ቀጠሮ አንድ አንድ ፋይል አድርጎ ኮምፒውተር ላይ ማውረድም ይችላል። እኔ መጀመሪያ ወደ ኮምፒውተሬ አወረድኩ፤ አየሁ፤ ከዚያ ወደ ሶጎ ላክሁ። መሐል ላይ ቆሞ ማየቱ በጣም ጠቅሞኛል። ድሮው ሰርቨር ካልዳቭ ከሌለው ካላንደሩን በአይሲኤስ (የካላንደር ቀጠሮዎች በሚቀመጡበት) ፋይል አውጥቶ ማስገባትም ይሆናል። ፕሮግራሙን ለማዘጋጀት የቅንብር ፋይል መጻፍ አለ፤ ለጀማሪ አይመችም።

ምን አየሁ? ከአውትሉክ የመጡ ቀጠሮዎች የሰዓት ክልላቸው «ናይሮቢ» ይላል። አትደንግጡ። ዊንዶውስ የእኛን የሰዓት ክልል የሚጠራው በናይሮቢ ስም ነው፤ አዲስ አበባም ጅቡቲም ናይሮቢም ያው ከግሪንዊች 3 ሰዓት ይቀድማሉ። የሚያስደነግጠው ሌላ ነው። «ቀኑን ሙሉ» ተብለው የተያዙ አንዳንድ ቀጠሮዎች በግሪንዊች እኩለ ሌሊት የሚጀምሩ ሆነው ተጽፈዋል። እነዚህ እኛ ጋ ሲመጡ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ጀምረው በማግስቱ ሌሊት 9 ሰዓት ያልቃሉ። ስለዚህ የአንድ ቀን ጉዳይ ሁለት ቀን ላይ ተዘርግቶ ይታያል። የኮንቴነር መመለሻ ቀን እንዲህ ሲሆን አስቡት። እነዚያን ፋይሎች አንድ በአንድ ሰዓት ወደሌለው ንጹህ ቀን ቀየርኳቸው። በሀበሻ ሰዓት «3:00» ተብሎ የተያዘ የጠዋት ስብሰባም አገኘሁ፤ እሱን የያዘውን ሰው ከመጠየቅ በቀር መሣሪያ አይፈታውም።

በየዓመቱ የሚደጋገሙ በዓላትን ደግሞ ዝውውሩ የድሮ ስሕተታቸውን ይዞ ነው የሚያመጣቸው። እንቁጣጣሽ «በየዓመቱ ሴፕቴምበር 11» ተብሎ ተይዞ ነበር። በ2023 ግን ሴፕቴምበር 12 ዋለ፤ በ2027ም እንደዚያው ነው። መስቀልና ጥምቀትም እንዲሁ አንድ ቀን ይገፋሉ። የበጀት ዓመት መዝጊያው ሰኔ 30 ግን ሁልጊዜ ጁላይ 7 ስለሆነ አያስቸግርም። የሚገርመው፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚደጋገም ቀጠሮ የሚጻፍበት ደንብ አለ። በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው አርኤፍሲ 7529 የሚባል የኢንተርኔት ደንብ ሰነድ ነው፤ ምሳሌዎቹ ውስጥ ጳጉሜ አለችበት። የሞከርኳቸው የካላንደር ፕሮግራሞች አልተረዱትም። ስለዚህ በዓላቱን ከካላንደሩ አውጥቼ ለብቻው ባለ ካላንደር ላይ የመጪዎቹን ዓመታት ቀን በቀን አስገባሁ። ይህን የሚያሳምር አንድ አገርኛ ፕሮግራመር ቢነሳ ደስታዬ ወሰን የለውም።

ኢሜይል ወደ አዲሱ ሰርቨር እንዲመጣ የኤምኤክስ ሬኮርዱን (የድርጅቱ ኢሜይል የት እንደሚገባ የሚናገረውን የኢንተርኔት መዝገብ) ከመቀየራችሁ ከአንድ ሁለት ቀን በፊት ቲቲኤሉን፣ ማለትም ሌሎች ሰርቨሮች የድሮውን አድራሻ ይዘው የሚቆዩበትን ጊዜ፣ ወደ 300 ሰከንድ አውርዱት። ቅዳሜ ከሰዓት ቀይሩ። ከዚያ በኋላም አይማፕሲንክን ደግማችሁ አሠሩት፤ ዘግይቶ ወደ ድሮው ሰርቨር የገባ ደብዳቤ ይኖራልና። የድሮውን ውል ወዲያው አታቋርጡ። እኛ ከጨረስን በኋላም ቢሆን ለጥቂት ጊዜ አቆየነው፤ ከጅቡቲ ወኪሎቻችን የአንዱ ሰርቨር የድሮውን አድራሻ ይዞ ቆይቶ አንዳንድ ደብዳቤ እዚያ ይጥል ነበር። እነዚያንም አይማፕሲንክ ለቅሞ አመጣቸው።